ለእጅ የሚስማማ እርሳስ

ለመሆኑ እስክሪብቶ ወይም እርሳስ ስትገዙ ምን አይታችሁ ትገዛላችሁ? አብዛኞቻችን ባለ ሱቁ አንስቶ የሰጠንን ተቀብለን፣ ሒሳባችንን ከፍለን እንሄዳለን። ጫማ ስንገዛ ግን እንዲህ አናደርግም። እግራችንን ከትተን እንሞክራለን፣ ሁለት ሦስት እርምጃ እንራመዳለን፣ ጣታችንን ይዞን እንደሆነ እናዳምጣለን። እግር የራሱ ልክ እንዳለው ሁሉ እጅም የራሱ ልክ አለው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት እጄ ልኩን ስላገኘበት አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ሜካኒካል እርሳስ።

"እርሳስ ደግሞ ምን ወግ አለው?" የሚል ይኖር ይሆናል። እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነገር ስጽፍ የምውል ሴት ነኝ። የመጋቢ ሚስት እንደመሆኔ የእህቶች ጥናት ማስታወሻ አዘጋጃለሁ፤ የልጆቼን የቤት ሥራ አያለሁ፤ የቤታችንን የወር ወጪ እመዘግባለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳነብም በኅዳጉ ላይ ያገኘሁትን አሰፍራለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ አንሥቶ ከቦርሳዬ ያልተለየ ዕቃ ቢኖር እርሳስ ነው። ከዚህም በላይ የቤታችንን የሒሳብ ደብተር ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሁለት ሰው እጅ የመለሰው ይኸው ትንሽ ዕቃ ነውና፣ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ቢወራለት የሚበዛበት አይመስለኝም።

መቅረጫ የማይፈልገው እርሳስ

ሜካኒካል እርሳስ የምለው ያንን ከኋላው ጫን ሲሉት ቀጭን ጥቁር ዘንግ ከጫፉ ብቅ የሚለውን ነው። ዘንጉን ተማሪዎች "ሊድ" ይሉታልና እኔም እንደዚያው ልጥራው። በነገራችን ላይ የምንጽፍበት እርሳስ ከብረቱ እርሳስ ጋር በስም ይገናኛል እንጂ በውስጡ ያ ብረት የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ሲጽፍ ጫፉን ወደ አፉ ቢወስደው ብረቱ ይመርዘዋል ብላችሁ አትስጉ።

የውስጡን አሠራር አንድ ጊዜ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሊዱን የሚጨብጥ ባለ ጥርስ ትንሽ መንጋጋ አለ፤ መንጋጋውን ዙሪያውን አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ከጀርባ ደግሞ ሞላ አለ። ከኋላ ስንጫነው መንጋጋው ሊዱን እንደያዘ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከቀለበቱ ሲወጣም ይከፈታል። ስንለቀው ሞላው መንጋጋውን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ሊዱ ግን ጫፉ ውስጥ ባለች ትንሽ ጎማ ተይዞ ባለበት ይቀራል። እንዲህ እየሆነ በእያንዳንዱ "ቀጭ" ጥቂት ጥቂት ይወጣል።

ይህ አሳብ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1791 ከሰመጠችው ፓንዶራ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስብርባሪ ውስጥ እንዲህ ያለ እርሳስ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1822 ደግሞ ሳምፕሰን ሞርዳንና ጆን አይዛክ ሆኪንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሊድ ወደ ፊት ለሚገፋ እርሳስ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አወጡ።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የአንድ ጃፓናዊ ነገር ነው። ቶኩጂ ሃያካዋ ይባላል። በድህነት ያደገ፣ ገና በልጅነቱ ብረታ ብረት ሠሪ ቤት ገብቶ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ከብረት የተሠራ ጠንካራ ሜካኒካል እርሳስ ሠራ። እርሳሱ በእንግሊዝኛ "ሹል" በሚለው ቃል "ሻርፕ" ተብሎ ተጠራ፤ ሥራውም እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1923 በቶኪዮ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ደረሰ። ሃያካዋ ፋብሪካውን አጣ። ሁለት ልጆቹንና ሚስቱንም አጣ። የእርሳሱን ሥራ ለዕዳው አሳልፎ ሰጥቶ ወደ ኦሳካ ከተማ ሄደና በ1924 ከባዶ ጀመረ፤ በዓመቱ ሬዲዮ መሥራት ጀመረ። "ሻርፕ" የሚለውን ስም በቴሌቪዥን ወይም በካልኩሌተር ላይ ያያችሁ ሁሉ፣ ስሙ ከዚያ እርሳስ የመጣ መሆኑን እወቁልኝ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ሜካኒካል እርሳስን "ሻፑ ፔንሺሩ" ይሉታል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከልጆቼ አንዱ እርሳሴን መሬት ላይ ሲወረውረው አንጀቴ አይችልም።

ልክ፣ ጥቁረትና ክብደት

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስትሄዱ ሦስት ነገር እዩ።

የመጀመሪያው የሊዱ ውፍረት ነው። በብዛት የሚገኙት 0.5 እና 0.7 ሚሊሜትር ናቸው፤ 0.3 እና 0.9ም አሉ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በእርሳሱ አካል ላይ ተጽፏል። ለ0.5 እርሳስ የ0.7 ሊድ አይገባም፤ ስለዚህ ሊድ ለመግዛት ስትሄዱ እርሳሱን ይዛችሁ ሂዱ። በ0.5 እና በ0.7 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ በጥንካሬ ግን ሩቅ ነው። ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ሁለት ዘንጎች ለመሰበር ያላቸው ብርታት ከውፍረታቸው ጋር እኩል አይጨምርም፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። 0.7 ሊድ ለመሰበር ከ0.5 ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ኃይል ይፈልጋል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

ሁለተኛው ጥቁረቱ ነው። በሊዱ ማኖሪያ ላይ "ኤች ቢ"፣ "ቢ"፣ "ቱ ቢ" የሚሉ ምልክቶች ታያላችሁ። "ኤች" ጠንካራነትን፣ "ቢ" ጥቁረትን ያመለክታል። "ኤች ቢ" መካከለኛው ነው። ወደ "ቢ" በሄድን ቁጥር ሊዱ ይለሰልሳል፤ ሳንጫንም ጠቆር ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፣ እጅ ሲነካውም ይቀባባል።

ሦስተኛው ክብደቱና መጨበጫው ነው። ይህን በዓይን አይታችሁ አታውቁትም፤ ይዛችሁ ሁለት መስመር መጻፍ አለባችሁ። ጥሩ ባለ ሱቅ ወረቀት ይሰጣችኋል። ከውጭ አገር የመጣች የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ የጀርመኑን ሮትሪንግ 600 አምጥታልኝ ነበር። "ሮትሪንግ" ማለት ቀይ ቀለበት ማለት ሲሆን፣ እውነትም አንገቱ ላይ ቀይ ቀለበት አለው። አካሉ ከነሐስ የተሠራ፣ ባለ ስድስት ጎን፣ እጅግ የሚያምር ዕቃ ነው። ታዲያ አንድ ገጽ ከጻፍኩበት በኋላ የእጄ አንጓ ማመም ጀመረ። ለእኔ ከብዶኛል። ታናሽ ወንድሜ የሕንፃ ፕላን የሚሥል ሰው ነውና ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ የሚወደው ያንኑ ክብደቱን ነው። እሱ እጅ ላይ ሳየው በትክክለኛ ቦታው እንደተቀመጠ ዕቃ ደስ ይለኛል።

የእኔዋ

እኔ ብዙ ዓመት የተጠቀምኩባት ጥቁሯ የጃፓን ፔንቴል ናት፤ ፒ 205 ትባላለች። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ ስትሸጥ የኖረች ናት። አካሏ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀላል ናት። ጫፏ ላይ ያለችው ቀጭን የብረት ቧንቧ ረዘም ስለምትል የምጽፈው ፊደል ከእይታዬ አይሸፈንም። ክዳኗን ስነቅለው ትንሽ ላጲስ አለች፤ ላጲሷን ሳወጣ ደግሞ የሊዱ መጨመሪያ ቀዳዳ ይገኛል። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። አንድ ጠንቅ አላት፤ ያች የብረት ቧንቧ ወደ ውስጥ አትገባም። በቦርሳ ውስጥ እንዲሁ ከጣላችኋት ትወጋለች፤ ከወደቀችም ትጣመማለች። ስለዚህ የእኔዋ የምትኖረው በአሮጌ የመነጽር ማኖሪያ ውስጥ ነው።

ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ግራፋይቱን ከሸክላ ጋር በመተኮስ ፈንታ በሙጫ መሰል ነገር ያጣበቀ ሊድ አወጣ። ዛሬ እንደ ክር የቀጠነ ሊድ ሳይሰበር የምንጽፍበት በዚያ ምክንያት ነው።

ደስታዬን ልንገራችሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት ስስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በእስክሪብቶ ከተጻፈበት ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል፤ በሌላው ገጽ ያለውንም ንባብ ያበላሻል። እርሳስ አያልፍም። እኔ 0.5 "ቢ" እጠቀማለሁ፤ ለስላሳ ስለሆነ ሳልጫን ይጽፋል፣ ስሱንም ወረቀት አይቀድም። ከኮሌጅ ዘመኔ ጀምሮ በኅዳጉ ላይ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ዛሬም አልደበዘዙም፤ ግራፋይት እንደ ቀለም ፀሐይ አያነጣውም። ደግሞም ከዓመታት በኋላ ያንኑ ክፍል ሳነብ አሳቤ ከሰፋ በላጲስ አጥፍቼ እንደገና መጻፍ እችላለሁ። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የሊዱ ድምፅ በወረቀቱ ላይ "ሽር ሽር" ሲል መስማት ለእኔ እንደ ቡና ነው። የቤቴ ዕቃ ሁሉ የሁሉ ነው፤ ወንበሩም፣ ሳህኑም፣ ነጠላዬም ለእንግዳ ይሄዳል። ይህችን እርሳስ ግን አላውስም። ቤተሰቡም ያውቃል።

ልጄ በበኩሏ የመረጠችው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኩሩ ቶጋ በተጻፈ ቁጥር ሊዱን በጥቂቱ ያዞረዋል፤ ወደ 40 ጊዜ ያህል ወረቀቱን ሲነካ ሊዱ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ስለዚህ ጫፉ በአንድ በኩል አይበላም፤ ፊደሏ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እኩል ይቀጥናል። ለፈተና የመልስ ወረቀት ክብ ማጥቆር ሲሆን ግን ተራውን የእንጨት "ኤች ቢ" ትይዛለች፤ በቀጭን ሊድ ክብ መሙላት ጊዜ ያባክናልና።

የባለቤቴ እጅ

አሁን ወደ ሒሳብ ደብተራችን ልመለስ። ባለቤቴ የአናጢ ልጅ ነው። በልጅነቱ የያዘው እርሳስ ያ ጠፍጣፋውና ወፍራሙ የአናጢ እርሳስ ነበር። እጁ ከባድ ነው፤ ሲጽፍ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።

በወር መጨረሻ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብረን ተቀምጠን የሚመጣውን ወር እናቅዳለን። አሥራት፣ የቤት ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ዕድር፣ ለእናቴ የምንልከው፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳ የሚያዝ። ለዚህ ሥራ እርሳስን የሚያህል የለም። የዘይት ዋጋ ይነሣል፤ ቁጥሩ ይቀየራል። በእስክሪብቶ ሲሆን ስርዝ ድልዝ ይበዛና ገጹ የጦር ሜዳ ይመስላል።

ታዲያ ባለቤቴ የእኔን 0.5 ሲይዝ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ "ቀጭ" ይላል። ያወጣዋል፤ እንደገና "ቀጭ"። በሦስተኛው እርሳሱን ያስቀምጥና "በቃ አንቺው ጻፊው፤ እኔ ልንገርሽ" ይላል። ከጊዜ በኋላ መንገሩም ቀረ፤ "ያልሽው ይሁን" ማለት መጣ። "ያልሽው ይሁን" ለጆሮ ደስ የሚል ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ወር በወር ሲሰሙት ግን ሸክም ይሆናል።

አንድ ዓመት እናቴ ታመሙና ሦስት ሳምንት ላስታምማቸው ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ደብተሩ ቤት ነበር። ነገር ግን የተጻፈው በእኔ እጅ፣ በእኔ ምሕጻረ ቃል ስለነበር ለባለቤቴ እንደ ባዕድ ቋንቋ ነበር። ማታ ማታ እየደወለ "ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ ተከፍሏል?" ይለኝ ነበር። በዚያ መካከል አንድ ወንድም ሆስፒታል ገባ። ባለቤቴ በፖስታ ለብቻ የተቀመጠውን ገንዘብ የተረፈ መስሎት አውጥቶ ሰጠው። ለኪራይ የተያዘ ነበር። ለታመመ ሰው ስለሰጠ ማን ይወቅሰዋል? እኔም አልወቀስኩትም። ኪራያችን ግን የዚያን ወር በብድር ተከፈለ፤ ብድሩን ለመመለስም አራት ወር ፈጀብን። በእነዚያ አራት ወራት ሥጋ ከአስቤዛችን ወጥቶ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን የስብከት ማስታወሻውን ከጠረጴዛ ላይ ሳነሣ ጣቶቼ የወረቀቱን ጀርባ ነኩ። ፊደሎቹ በጀርባ በኩል እንደ ጠባሳ አብጠው ነበር። በእስክሪብቶ ሲጽፍ እንኳ እንዲህ ይጫናል። ይህ እጅ 0.5 እንዴት ይችላል? በሳምንቱ ወደ መርካቶ ስሄድ ሦስት አራት ዓይነት ሞከርኩና 0.7 የሆነ፣ መጨበጫው ወፈር ያለ፣ ጎማ የለበሰ እርሳስ ከ"ቢ" ሊድ ጋር ገዛሁለት። ዋጋው ከእኔዋ ያነሰ ነበር። ያስመረረው ከሒሳቡ ይልቅ በየቃሉ የሚሰበረው ሊድ እንደነበር የነገረኝ ያን ምሽት ራሱ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈ። አልተሰበረም።

ያ ገጽ ዛሬም አለ። በግራ በኩል የእኔ ቀጭን ጽሕፈት፣ በቀኝ በኩል የእሱ ወፍራም ቁጥር። ከታች "ለእሷ" የሚል መስመር ነበር፤ ለእኔ ጫማና ልብስ የሚያዝ ሲሆን እኔ ሁልጊዜ ባዶ የምተወው ነው። ባለቤቴ እዚያ ላይ ቁጥር ጻፈበት። ከየት እንዳመጣው ሳይ ደግሞ የራሱን የትራንስፖርት መስመር በላጲስ አጥፍቶ ቀንሶታል። "ከቤት እስከ ጸሎት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ላይ ጭቅጭቅ የለም ብላችሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ እንከራከራለን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አጠፋለሁ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያጠፋል። ላጲስ ቶሎ ቶሎ ያልቅብናል። አሁን ግን ከእኛ አንዱ ከቤት ቢርቅ ሌላው ደብተሩን ያነባል።

ለባልና ለሚስት

እርሳስ ትዳርን ያድናል እያልኩ አይደለም። የማውቀውን ብቻ ልናገር፤ አንድን ሥራ ባልና ሚስት አብረው እንዲሠሩት ከተፈለገ መሣሪያው ለሁለቱም እጅ የሚመች መሆን አለበት። የሚጫን እጅ ካላችሁ 0.7 ወይም 0.9 ይሁን፤ ቀላል እጅ ካላችሁ 0.5 ይበቃል። አንጓ የሚያማችሁ ከሆነ ቀላልና ወፈር ያለ አካል፣ ለስላሳ ሊድም ምረጡ። ሊዱን ብዙ አታውጡት፤ ሁለት ጊዜ "ቀጭ" ማለት ይበቃል፤ ሊድ የሚሰበረው አለቅጥ ሲረዝም ነው። ሊዱ አልቆ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሲቀረው መንጋጋው አይይዘውምና ወደ ውስጥ መመለስ ከጀመረ እርሳሱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ቁራጩን ጎትታችሁ አውጡና አዲስ ጨምሩ። ቁራጭ ተቀርቅሮ ሊድ አልወጣ ካለም ጫፉን በኃይል አትምቱ፤ ፈትታችሁ በቀጭን ሽቦ ግፉት።

ዋጋና ስም አያስጨንቃችሁ። በአንዱ ቤት ውድ የሆነው በሌላው እጅ ላይ ይከብዳል። የምትገዙት ለሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ "የቱን ትወዳለህ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ብዙ ሰው እጁ ምን እንደሚፈልግ አያውቀውምና "የተገኘው ይሁን" ይላችኋል። ዛሬ ማታ ባለቤታችሁ የጻፈውን አንድ ወረቀት አንሡ፤ ገልብጡትና ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱት።